እንቅልፍ ለሰውና ለእንስሳ ስለ ምን አስፈለገ?

ሰው 75 ዓመት ቢኖር ከዚህ ዕድሜው 25 ዓመት ያህሉን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አይሠራም፥ አይማርም፥ የተራበ አያበላም፥ የታረዘ አያለብስም። ንጉሥም ቢሆን፥ ሊቅም ቢሆን፥ ባለጸጋም ቢሆን፥ ሰዓቱ በደረሰ ጊዜ ሥልጣኑንና ዕውቀቱን ወዲያ ትቶ እንደ ሕፃን ይጋደማል፤ ማን ወደ ቤቱ እንደ ገባ፥ ማንስ እንደ ወጣ አያውቅም። ይህን የተመለከተ ሰው፥ ሁሉን በጥበብ የሠራ እግዚአብሔር የዕድሜያችን ሲሶ በዚህ ዓይነት እንዲያልፍ ስለ ምን ፈቀደ? ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

ይልቁንም ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጥያቄው ይከብዳል። ሌሊቱን በማሕሌትና በሰዓታት የምናነጋ፥ ትጋትንም ከጾምና ከስግደት ጋራ አንድ አድርገን የምንቈጥር ነንና፥ እንቅልፍን እንደ ጠላት፥ የሚያንቀላፋውንም እንደ ሰነፍ ወደ ማየት እናደላለን። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት እኛ ራሳችን በአንድ ወቅት ስለ ደረሰብን ነገሩን ከዚያ እንጀምራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደብር ለክብረ በዓል ማሕሌት ቆመን ሳለን፥ ከምሰሶው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ አንድ ሰው አየን። ራሱ በደረቱ ላይ ወድቆ ያንኮራፋ ነበር። በአጠገባችን የቆሙ ወጣቶች እርስ በርሳቸው ሲሣሣቁ ብንሰማ ተቈጣን። ሄደንም በመቋሚያችን ጫፍ ትከሻውን ነካ አድርገን፥ «ለእንቅልፍ ከሆነ ቤትህ ምን ሆነና መጣህ?» አልነው። ሰውየው ደንግጦ ተነሣ፤ «ይፍቱኝ አባቴ» ብሎ፥ መሬት ስሞ፥ ወጥቶ ሄደ። በማግሥቱ ከደብሩ ዘበኛ እንደ ተረዳነው፥ ያ ሰው ቀን ድንጋይ ሲፈልጥ ውሎ ሌሊት የአንድ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ የሚያድር ኖሯል። በሳምንት አንዲት ሌሊት ብቻ ዕረፍት ነበረችው፤ ያችን ሌሊት ለአልጋው ሳይሆን ለማሕሌቱ ሰጥቶ ነበር የመጣው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደብር አላየነውም፤ አፈላልገንም አላገኘነውም። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው እንደ አስተማሪ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለ ዕዳ ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፥ እንቅልፍ የኃጢአት ፍሬ ነውን? የሚለው ነው። ብዙ ሰዎች ሳያስተውሉ እንደዚያ ያስባሉ። ሕመምና ሞት ከአዳም መተላለፍ በኋላ እንደ ገቡ ሁሉ፥ እንቅልፍም የሞት ታናሽ ወንድም ሆኖ አብሮ የገባ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ኦሪት ዘፍጥረትን ገልጦ የሚያነብ ሰው ሌላ ሥርዓት ያገኛል። እግዚአብሔር በአዳም ላይ ከባድ እንቅልፍ እንዳመጣበት የተጻፈው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ ዕፀ በለስ የተበላችው ግን በሦስተኛው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው የተኛው ገና ንጹሕ ሳለ፥ በገነት ሳለ ነው። ደግሞም ነቅቶ ሳለ ለእንስሳት ሁሉ ስም አወጣላቸው እንጂ እንደ እርሱ ያለ ረዳት አላገኘም፤ ሔዋን የተገኘችለት እርሱ ምንም ባላደረገበት ሰዓት ነው። አባቶቻችንም ይህን እንቅልፍ ለጌታችን ሞት ምሳሌ አድርገው ተርጕመውታል፤ ሔዋን ከአዳም ጎን እንደ ተገኘች ቤተ ክርስቲያንም ከጌታ ጎን በፈሰሰው ውኃና ደም ተመሠረተች ይላሉና።

ጌታችን ራሱ ሥጋን በተዋሐደ ጊዜ እንቅልፍን አልናቀም። ማዕበሉ ታንኳይቱን ሲያናውጣት እርሱ በስተኋላዋ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ እንደ ነበር ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፎልናል፤ ትራሱን እንኳ ሳይተው መጻፉ የሚያስደንቅ ነው። መራቡንና መጠማቱን የምንመሰክር እኛ መተኛቱንም እንመሰክራለን። የአገራችን ምእመናን ዘወትር በፍቅር የሚያነሡት ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክም፥ በተረፈ ባሮክ እንደ ተጻፈ፥ 66 ዓመት የተኛው ስለ ስንፍናው አልነበረም፤ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ እግዚአብሔር ሲምረው ነው እንጂ።

አሁን ከሰው ወደ እንስሳት እንለፍ፤ የነገሩ ጥልቀት ይበልጥ የሚታየው በዚያ ነውና።

የፍጥረትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከዝሆን እስከ ዝንብ ድረስ ብዙ እንስሳትን ሲከታተሉ ኖረዋል፤ በሚገባ ከተመረመሩትም መካከል እንቅልፍ ወይም እንቅልፍን የመሰለ ዕረፍት ፈጽሞ እንደሌለው የተረጋገጠ እንስሳ የለም። በባሕር ውስጥ እንደ ጃንጥላ እየተከፈተና እየተከደነ የሚዋኝ፥ ባዕዳን ጄሊፊሽ የሚሉት ልምሉም ፍጡር አለ። አጥንት የለውም፥ ልብ የለውም፥ አንጎልም የለውም። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በካሊፎርኒያ የሚገኙ ተመራማሪዎች የዚህን ፍጡር አንዱን ዓይነት ሲመለከቱ፥ ሌሊት ትርታው እንደሚቀንስ፥ በውኃ ግፊት እያወኩ ዕረፍት ቢነሡትም በማግሥቱ በቀን እንደሚፈዝና እንደሚያንቀላፋ አስተዋሉ። እንቅልፍ የሚያስፈልገው አንጎል ላለው ብቻ ነው የሚለው አሳብ ከዚያ ወዲህ ጸንቶ ሊቆም አልቻለም።

የእንቅልፉ መጠን ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የሚገኝ አንድ ትንሽ የሌሊት ወፍ ከ24 ሰዓት ውስጥ 20 ሰዓት ያህል ይተኛል። በቦትስዋና በዱር የሚኖሩ ሁለት ሴት ዝሆኖች በመሣሪያ በተጠበቁ ጊዜ የተኙት በቀን 2 ሰዓት ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፈረስ ቆሞ እንደሚያንቀላፋ ባላገር ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ሕልም የሚበዛበትን ዓይነት እንቅልፍ በሙሉ ለማግኘት መተኛት ግድ ይሆንበታል፤ ለብዙ ቀን ጋደም ለማለት ያልቻለ ፈረስ ቆሞ ሳለ ጕልበቱ ይከዳውና ይወድቃል። የጋማ ከብቱን ቀን ጭኖ ሌሊት ለመተኛት በማይበቃ ጠባብ ስፍራ የሚያስር ሰው ይህን ቢያስተውል መልካም ነው።

እንግዲህ የተኛ እንስሳ ራሱን ለጠላት አሳልፎ የሰጠ ያህል ነው፤ አያይም፥ አይሸሽም፥ ልጆቹን አይጠብቅም። እንቅልፍ ቢቀር የሚቀር ነገር ቢሆን ኖሮ፥ አደጋ የከበባቸው እንስሳት ከሁሉ አስቀድመው በተዉት ነበር። ነገር ግን ሲተዉት አይታዩም፤ መተኛት በማይቻልበት ስፍራም ቢሆን የሚተኙበት መንገድ ተሰጥቷቸዋል። ዶልፊን በባሕር ቢኖርም እንደ ዓሣ ከውኃ የሚተነፍስ አይደለም፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ስለዚህ የአንጎሉ አንዱ ወገን ሲተኛ ሌላው ወገን ይነቃል፤ አንዲት ዐይኑን ከድኖ በሌላዪቱ ይመለከታል፥ ቈይቶም ተራውን ይለውጣል። ፍሪጌት የሚባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ደግሞ ውኃ ላይ ማረፍ ስለማይሆንለት ለብዙ ቀናት ሳያርፍ ይበርራል። በ2016 በጋላፓጎስ ደሴቶች በራሱ ላይ ትንሽ መሣሪያ አስረው የተከታተሉት ሊቃውንት፥ እየበረረ ሳለ በቀን 42 ደቂቃ ያህል በጥቂት በጥቂቱ እንደሚተኛ፥ ወደ ምድር ሲመለስ ግን ከ12 ሰዓት በላይ እንደሚተኛ አገኙ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የፔንግዊን ነገር ነው። ይህ የማይበርር ወፍ በደቡብ ዋልታ በረዶ አጠገብ ዕንቍላሉንና ጫጩቶቹን ከነጣቂ ወፎች እየጠበቀ ይቀመጣል። ፈጽሞ ቢተኛ ልጆቹ ይወሰዱበታል። በ2023 እንደ ታወቀው፥ ከእነዚህ ወፎች አንዱ ዓይነት አራት ሴኮንድ ያህል እያሸለበ ወዲያው እየነቃ፥ በአንድ ቀን ከ10,000 ጊዜ በላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ሽልብታው ሁሉ ቢደመር 11 ሰዓት ያህል ይሆናል። የታመመ ልጇን ታቅፋ ያደረች እናት ይህን ብትሰማ፥ እንስሳው ምን እንደሚያደርግ ማንም ሳያስረዳት ይገባታል።

እንቅልፍን ፈጽሞ ቢነሡትስ? በ1894 ማሪያ ማናሴይና የምትባል ሩስያዊት ሐኪም ቡችሎችን እንዳይተኙ ብታደርግ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱ። በ1980ዎቹም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፈጽሞ እንዳይተኙ የተደረጉ አይጦች ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ቈይተው ሞቱ፤ ከወትሮው አብልጠው እየበሉ ሰውነታቸው ይመነምን ነበር። ዕውቀት የተገኘው በዚህ መንገድ መሆኑን ስንሰማ ልባችን ደስ አይለውም፤ ነገር ግን የተገኘውን መሰወር አይገባምና ጻፍነው። በሰው በኩል ደግሞ በ1964 መግቢያ ላይ በሳንዲያጎ ከተማ አንድ የ17 ዓመት ተማሪ በፈቃዱ ለ264 ሰዓት፥ ማለት ለ11 ቀን ሳይተኛ ቈየ። በሕይወት ወጥቷል፤ ሆኖም በእነዚያ ቀናት ብስጩ ሆነ፥ የጀመረውን አሳብ መጨረስ ተሳነው፥ የሌለ ነገርም ይታየው ነበር።

በዚያ በተኛንበት ሰዓት በውስጣችን የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። በ1953 በቺካጎ፥ አሴሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ሊቃውንት የተኛ ሰው ዐይኖች ከቈቡ ሥር በየጊዜው በፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ፥ በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰውም ብዙውን ጊዜ ሕልም ሲያይ እንደ ነበር እንደሚናገር ገለጡ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የመብራት መጥፋት ያህል ሳይሆን የራሱ ደረጃዎች ያሉት ሥራ እንደ ሆነ ታወቀ። ሕፃናትን የሚያሳድገው ንጥረ ነገር ከሁሉ ይልቅ ወደ ደም የሚገባው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው። በ1924 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ምርመራ ደግሞ፥ ትርጕም የሌላቸውን ቃላት በቃላቸው ያጠኑ ሁለት ተማሪዎች፥ ካጠኑ በኋላ ሲተኙ የረሱት ነቅተው ሲቈዩ ከረሱት እጅግ ያነሰ ሆነ። እኛም በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን ማታ እያንከባለልን እንቢ ያለን የዜማ ቀለም፥ ተኝተን ስንነሣ ያለ ችግር ከአፋችን ይወጣ ነበር። መምህራችን ይህን የሚያውቁ ይመስለናል፤ «ተወው፥ ይደርልህ» ይሉን ነበርና።

ሌላም አለ። በ2013 በአሜሪካ በሮቸስተር የሚገኙ ተመራማሪዎች፥ አይጥ በተኛች ጊዜ በአንጎሏ ሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት 60 በመቶ ያህል እንደሚሰፋና ቀኑን የተጠራቀመው ቈሻሻ በዚያ እየታጠበ እንደሚወጣ ተናገሩ። በ2024 ግን በሎንዶን የሚገኙ ሌሎች መርማሪዎች ከዚህ ጋራ የሚጋጭ ነገር አግኝተናል አሉ፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። ይህን የምናነሣው፥ አንዳንድ ሰባኪዎች ከጋዜጣ ያገኙትን ሁሉ የተቈረጠ ነገር አድርገው በዐውደ ምሕረት ሲናገሩ ስለ ሰማን ነው።

እንግዲህ እንቅልፍ ይጠግናል፥ ያሳድጋል፥ ያጠናክራል ብንል እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሥራ ስለ ምን ነቅተን ሳለን አልተሠራም? ስለ ምን ዐይን መከደን፥ ጆሮ መደንዘዝ፥ እጅ መዛል አስፈለገ? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሊቃውንቱ እስካሁን ሁሉም የተስማሙበት መልስ የላቸውም። የእኛ አሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስተምሩት ሰው በባሕርየ ሥጋው ከእንስሳት ጋራ፥ በባሕርየ ነፍሱ ከመላእክት ጋራ ይተባበራል። መላእክት ትጉሃን ተብለዋል፤ አያንቀላፉምና። ፈጣሪማ የእስራኤል ጠባቂ እንደማይተኛና እንደማያንቀላፋ ነቢዩ ዳዊት በ120ኛው መዝሙር መስክሯል። ሰው ግን ከመላእክት ጋራ ቢያመሰግንም ከአህያው ጋራ ይተኛል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ሥራውን፥ ልጆቹን፥ ራሱንም ለማይተኛው ጠባቂ አስረክቦ ዐይኑን ሊከድን ግድ ነው። ይህን እንዳያደርግ የተፈቀደለት ፍጡር ቢሆን ኖሮ ዓለሙን የሚሸከመው እርሱ እንደ ሆነ በመሰለው ነበር። ነገሩ ከትሕትና ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነ፥ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ባለጸጋና ደክሞ የሚተኛ ሙያተኛ ምስክሮች ናቸው።

«ታዲያ ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ስለ መኝታው አልገሠጸውምን?» የሚለን ይኖራል። ገሥጾታል፤ ወደ ገብረ ጕንዳን ሄዶ እንዲማርም ልኮታል። ገብረ ጕንዳንም ይተኛል! በ2009 በታተመ ምርመራ አንዱ ዓይነት ሠራተኛ ጕንዳን በቀን 250 ጊዜ ያህል፥ በእያንዳንዱም ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል እያሸለበ፥ በድምሩ ወደ 5 ሰዓት የሚጠጋ እንደሚተኛ ተጽፏል። ጠቢቡ የነቀፈው ሥራ ባለበት ሰዓት አልጋ ላይ መገላበጥን ነው እንጂ የደከመ ሰው ማረፉን አይደለም። ደግሞ የማያቋርጥ እንቅልፍ የሚያጠቃቸው ሰዎች አሉ፤ በንግግር መካከል፥ በማዕድ ላይ ሳይቀር ያንቀላፋሉ። ከ1998 ወዲህ በተደረገው ምርመራ፥ በብዙዎቹ አንጎል ውስጥ ንቃትን የሚያጸኑ ጥቂት ሕዋሳት እንደ ጠፉባቸው ታውቋል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ሰነፍ ብሎ መዝለፍ ዕውሩን ስለ ምን አታይም እንደ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከሆነ ትጋት ስለ ምን? ሌሊት መቆም፥ ሰዓታት መቆም፥ ማሕሌት መቆም ስለ ምን? ለዚህ መልስ የሚሆነን ጾማችን ነው። የምንጾመው እህል ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም፤ እህልን ርኩስ ነው የሚል ሰው ጾሙ መና ነው። የምንጾመው መልካም የሆነውንና የራሳችን የሆነውን ነገር ወደን ስለ ፍቅሩ ለመተው ነው። ትጋትም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ የከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ትጋትም ስጦታ ባልሆነ ነበር፤ ቈሻሻውን ለመሥዋዕት የሚያቀርብ የለምና። መቋሚያውንም እንመልከት። አባቶች ሥርዓተ ማሕሌቱን ሲሠሩ የሚደገፉት በትር በእጃችን አኖሩልን። የሰው ጕልበት ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ እንደሚዝል ያወቁ ናቸው፤ ድካሙን ሳይክዱ ምስጋናውን አቆሙ። እኛ ግን ያንን በትር የደከመ ሰው መቀስቀሻ አደረግነው።

የቡናንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም፤ ከከፋ ምድር ለዓለም የተሰጠ ነውና። እረኛው ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲዘልሉ አይቶ ለመነኮሳት እንደ ነገራቸው፥ መነኮሳቱም ለሌሊት ጸሎት እንደ ተጠቀሙበት ይተረካል፤ በጽሑፍ የሚታወቀው በ1671 በሮም በታተመ መጽሐፍ ስለ ሆነ ከታሪክ ይልቅ ወደ ተረት ይቀርባል። ነገር ግን ቡና የሚያደርገው ነገር ታውቋል። ነቅተን በቈየን ቍጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ይጠራቀማል፥ የእንቅልፍም ጫና እየከበደ ይሄዳል፤ ቡና ያ ንጥረ ነገር የሚያርፍበትን ስፍራ ቀድሞ ይይዝበታል። ዕዳውን አይከፍልም፤ አበዳሪውን በደጅ ያቆየዋል እንጂ።

ቅዱሳት መጻሕፍት የደከመውን ሰው እንዴት እንደ ያዙት ስንመለከት እናፍራለን። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞትን በለመነ ጊዜ የተሰጠው ተግሣጽ አይደለም፤ ከዛፉ ሥር ተኛ፥ መልአኩ ዳሰሰውና አበላው፥ ደግሞም ተኛ፥ ሁለተኛም አበላው፤ ወደ ኮሬብ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በጢሮአዳ ትምህርቱን እስከ እኩለ ሌሊት ባስረዘመ ጊዜ አውጤኪስ የሚባል ወጣት እንቅልፍ አሸንፎት ከመስኮት ወደቀ። ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው እንጂ ስለ ምን ተኛህ አላለውም። በጌቴሴማኒ የተኙት ደቀ መዛሙርት ተወቅሰዋል፤ ግን ወቃሹ ራሱ የሥጋን ድካም ምክንያት አድርጎ ተናገረላቸው። በግብፅ በረሃ የነበረው አባ ጴሜንም፥ በትጋት ላይ የሚያንቀላፉትን ወንድሞች እንቀስቅሳቸውን? ብለው ሽማግሌዎች በጠየቁት ጊዜ፥ እርሱ እንዲህ ያለውን ወንድም ሲያይ ራሱን በጕልበቱ ላይ አስደግፎ እንደሚያሳርፈው ነግሯቸዋል። ይህን ታሪክ ካነበብነው ብዙ ዘመን ሆኖናል፤ ከምሰሶው ሥር ባስፈለገን ሌሊት ግን አላስታወስነውም።

ነገራችን የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። ሰው የራሱን እንቅልፍ ለእግዚአብሔር መስጠት ይችላል፤ የሌላውን ሰው እንቅልፍ ግን መስጠት አይችልም። የሌላው ሲሆን ስጦታ መሆኑ ይቀርና ቅሚያ ይሆናል። ሕገ ኦሪት የድሀውን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳይገባ እንዲመልስለት አዝዛለች፤ ምክንያቷም የሚተኛበት ሌላ የለውም የሚል ነው። የሰንበትን ዕረፍት ለአገልጋይና ለመጻተኛ፥ ለበሬና ለአህያም ጭምር ሰጥታለች። እኛ በቤታችን የምናሳድራት ሠራተኛ ስንት ሰዓት ትተኛለች? እንግዳ አምሽቶ ሲሄድ ዕቃ የምታጥብ እርሷ፥ ሳይነጋ እሳት የምታነድድም እርሷ ናት። ለጤናማ ጐልማሳ የሚያስፈልገው ቢያንስ 7 ሰዓት ያህል እንደ ሆነ ሐኪሞች ይናገራሉ። ለንግሥ በዓል ምእመናንን ጭኖ ሌሊቱን የሚነዳው ሾፌርስ? በ1997 በአውስትራሊያ በተደረገ ምርመራ፥ 17 ሰዓት ያለ ዕረፍት የነቃ ሰው እጁና ዐይኑ የሚታዘዙለት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል እንደ ሆነ ታይቷል። መጠጥ የጠጣ ሾፌር መኪናውን ቢይዝ ማን ይሳፈራል? ያልተኛውን ግን በእልልታ እንሳፈርበታለን።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ለአንዳንድ ወንድሞቻችን ካህናት ደስ እንደማይል እናውቃለን። በቤተ መቅደስ የሚቀርበው ማሕሌት ወደው የመጡት ሰዎች መሥዋዕት ነው። በድምፅ ማጉያ ከቅጽሩ ውጭ ሌሊቱን ሙሉ ሲለቀቅ ግን፥ በሕመም አልጋ ላይ ካለው፥ ሌሊት ሠርቶ ከገባው፥ ሕፃን ከምታስተኛው እናት፥ እምነታችንን ከማይጋራው ጎረቤታችንም እንቅልፍ ሳንጠይቅ እንወስዳለን። ምስጋናው ይቁም የሚል ቃል ከአፋችን አይወጣም፤ ማጉያ ባልነበረበት ዘመንም ያሬዳዊው ዜማ አልጐደለበትም። ሌሎች ቤተ እምነቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ የሚለው ምክንያት ለእኛ መልስ አይሆነንም።

ሌላው የሕፃናት ዲያቆናት ጉዳይ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፥ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የሕክምና ሊቃውንት ይመክራሉ። በደብራችን ሌሊቱን ቆመው፥ ቀድሰው፥ ሳይተኙ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ። ወድደው እንደሚያገለግሉ አንጠራጠርም፤ ግን የ11 ዓመት ልጅ መምሬ ሲያዙት እንቢ ማለት ይችላልን? ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋራ ጥቂት ካህናት ሆነን፥ በማግሥቱ ትምህርት በሚኖርበት ሌሊት ታናናሾቹ ተራ ገብተው እንዲያገለግሉ፥ ተራ የሌላቸውም ከዋዜማው በኋላ ወደ ቤታቸው ሄደው እንዲተኙ የሚል አሳብ ለሰበካ ጉባኤው አቅርበን ነበር። አንዳንዶቹ እኛ በልጅነታችን እንዲህ ሆነን አድገናል ሲሉ ተቃወሙ፤ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ግን፥ እርሳቸውም እንዲሁ እንዳደጉና አንድ ሌሊት መብራት ይዘው ሲያንቀላፉ መጽሐፍ ሊያቃጥሉ እንደ ነበር ተናግረው ሁሉንም አሳቁ። ጉባኤው ነገሩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድሮታል።